የአቀባበል ኮሚቴውና የቲያሚኬ እንቅልፍ

ቲያሚኬ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አይታ አታውቅም። ባሏ ለሥራ ጆሃንስበርግ ነው፤ እናቷም በሕይወት የለችም። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፤ ጎረቤቷ ስለሆንኩ እሰማዋለሁ። ቀን ጋደም ልበል ስትል ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን አቀባበል ኮሚቴ ይመጣል።

ኮሚቴው የተቋቋመው ልጅ የሚያስጠምቁ ቤተሰቦችን ለመደገፍ ነው። ሰብሳቢዋ ማዪ ካሊዛ ናቸው፤ ማዪ በእኛ ዘንድ “እማማ” እንደማለት ነው። እናቶቹ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርዳቸውን ለብሰው እየዘመሩ ይገባሉ፤ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ስለ አራስ ድካም ሰፊ ትምህርት ይሰጣሉ። ቲያሚኬ ልጇን አዝላ የበቆሎ ገንፎ ታገነፋላቸዋለች።

“ምነው ዓይንሽ ቀላ?” አሏት አንድ ቀን ማዪ ካሊዛ።

“እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ ማዪ።”

“አይዞሽ ልጄ፣ ነገም እንመጣለን።”

የጥምቀቱ እሑድ ደረሰ። ፓስተር ካምዌንዶ ሕፃኑን አጥምቀው፣ እንደ ሥርዓታችን ወደ ምዕመናኑ ዞሩ።

“ይህችን እናት በልጇ አስተዳደግ ትረዷታላችሁ?”

“አዎ፣ እንረዳታለን” አልን በአንድ ድምፅ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፃችን አስተጋብቶ አማረብን።

ቲያሚኬ ይህን ስትሰማ ልጁን ለማዪ ካሊዛ አስታቀፈቻቸውና ከፊት ወንበር ጥግ ተቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ማዪ ካሊዛ ሊቀሰቅሷት እጃቸውን ሲሰዱ ፓስተሩ አዩ።

“ይተዉአት፣ ማዪ።”

“ልጁ እኮ እያለቀሰ ነው።”

“ሰምቻለሁ። አሁን እንረዳታለን ያልነው እኛው አይደለንም?”

“እሱማ ሥርዓት ነው፣ ፓስተር።”

“ሥርዓቱ እያረጠበዎት ነው” አሉ ከኋላቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

ማዪ ካሊዛ ሸሚዛቸውን አዩና ልጁን ለምክትላቸው አቀበሉ። ምክትሏ ደግሞ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሰጠች። ኮሚቴው ሁሉ ታቅፎት ሲያልቅ ሕፃኑ ወደ መዘምራን ተሻገረ፤ እኔም ታቀፍኩት፤ ከበሮ መቺውም ከበሮውን ትቶ ታቀፈው። ድምፁ ከፍ ሲል ሁላችንም እሽሩሩ አልን። እናትየው እንዳትነቃ ብለን በሹክሹክታ ስንዘምር፣ ለምን ይሆን እንጃ፣ እንደዚያ ቀን ተስማምተን ዘምረን አናውቅም።

ፓስተሩ ስብከታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። የቀረነው ልጁ ዞሮ ዞሮ ተመልሶላቸው ያዘሉት ማዪ ካሊዛ፣ ወንበር የምሰበስበው እኔና የተኛችው ቲያሚኬ ብቻ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

“ስብከቱ አለቀ እንዴ፣ ማዪ?”

“አልተሰበከም።”

“ስለ ምን ሊሰበክ ነበር?”

“ስለ መረዳዳት” አሉ ማዪ ካሊዛ፣ ቆመው እየተወዛወዙ። “በይ እንግዲህ፣ ልጅሽን ተቀበይኝ።”

“ትንሽ ይቆዩልኝ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።