ጣዕሙ የተለወጠ ድስት

ባሱ የጎረሰውን ሳያላምጥ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መዳፉ መለሰውና በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው። ካሮት ነው። ከካሮት ሌላ ምንም አይታይበትም። አለመታየቱ ደግሞ ይበልጥ አሰጋው፤ ባሏን መድኃኒት የምታበላ ሴት መቼም ገበታው ላይ በግላጭ በትና አታቀርበውም።

"ምን አገኘህበት?" አለች ሚስቱ ቱዳ።

"ምን ጨመርሽበት?"

"ካሮት፣ ዱባ፣ ሽንኩርት፣ ሽምብራ። ሌላ ምን ልጨምርበት?"

"ጨውስ?"

"አለው።"

"ዘይትስ? ድሮ እኮ ዳቦው ሲጠቀስበት ዘይቱ እስከ ክርን ይወርድ ነበር።"

"ዘይት ተወዷል፣ የኢዛ አባት። ብላ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል።"

ዘይት መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን የእነሱን ዘይት የሚልከው የወይራ ተክል ያለው የቱዳ ወንድም ነው፤ ባሱ ጠዋት ጓዳ ገብቶ ጀሪካኑን ነቅንቆ አይቶታል፣ ሙሉ ነው። ሞልቶ ተርፎ ሳለ ተወደደ ማለት ምን የሚሉት ነው? ዳቦውን አስቀመጠና "ጠግቤያለሁ" ብሎ ተነሳ። አልጠገበም፤ ሆዱ ይጮህ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዳቦው ነው። ነጩ የስንዴ ዳቦ ቀረና ጠቆር ያለ የገብስ ዳቦ መጣ። ቀጥሎ የድስቱ ጣዕም ተለወጠ፤ ጨውና ዘይቱ አነሰ፣ ቅመሙ በዛ። ቅመም ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከዚያ የሻዩ ነገር መጣ። በታዚርት መንደር ሻይ የሚያፈላው አባወራው ነው፤ ባሱም ድንጋይ የሚያህለውን ስኳር በመዶሻ ፈልጦ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሲከት እጁ አይሰስትም። ቱዳ ብርጭቆዋን ተቀብላ፣ ከንፈሯን አስነክታ፣ ዞር ያለ ሲመስላት መስኮቱ ላይ ያለው የበሶብላ ማሰሮ ውስጥ ስትደፋው በዓይኑ በብረቱ አይቷታል።

አንድ ቀን ፈተናት። ውሃ ልታመጣ ብድግ ስትል ድስቱን አዙሮ በእሱ በኩል የነበረውን ወደ እሷ፣ በእሷ በኩል የነበረውን ወደ እሱ አደረገው። ተመልሳ ጥርግ አድርጋ በላች። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረጋጋ ነበር። ባሱ ግን ማርከሻውን አስቀድማ ውጣ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሰው አይፍረድበት። በዚያ የአትላስ ሸለቆ ሚስቱ መድኃኒት ያበላችው ወንድ ምን እንደሚሆን ያልሰማ የለም። ድምፁ መንደሩን ያንቀጠቅጥ የነበረው ባለ ወፍጮ፣ አበላችው ከተባለ ወዲህ ወፍጮውን በሚስቱ ስም አዙሮ ዛሬ ከበሯ ላይ ዶሮ ሲጠብቅ ይውላል። ባሱ የፖም ዛፎቹን ባሰበ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደውም።

ታላቅ እህቱ ፋድማ የምትኖረው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዓይኗ ከባሱ ግቢ ተነስቶ አያውቅም። ሲገባ ማር የፈሰሰበትን ትኩስ ቂጣ አቀረበችለት፤ ከጎኑም ጥርስ የሚያጣብቅ ሻይ። ባሱ እንደተራበ ሰው በላ። ተርቦም ነበር።

"በልተህ ነው የመጣኸው ወይስ ሸሽተህ?" አለችው።

"እባክሽ እታለም፣ ተይኝ።"

"አልተውህም። ዛሬም ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ልትወጣ ነው። ማገዶ ልለቅም ትላለች። ጋዝ ያለበት ቤት ማገዶ ለምኑ ነው? ስትመለስስ ምን ይዛ ትመለሳለች?"

"ገመዱን።"

"ገመዱን ብቻ! በላይኛው መንገድ ማን እንዳለ ታውቃለህ። ያ ክታብ ጻፊ ሽማግሌ ነው ያለው። ወላሂ፣ እኔ ሰው አላማም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።"

"እኔም እያሰብኩበት ነው።"

"እስክትደነዝዝ ነው የምታስበው? ነገ ገበያ ነው። ቃዲው ይገኛል። ሄደህ ፍቺህን ጨርስ፤ ሌላውን ለኔ ተወው።"

ባሱ ማሩን ከጣቱ ላይ ላሰና "እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ" አለ። ካለ በኋላ ደነገጠ። ቱዳን ሲያገባት ገና ጢሙ አልጠነከረም ነበር፤ ያለ እሷ ቤቱ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ቢሆንም ወንድ ከአፉ ያወጣውን አይመልስም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ግን ከመሄዱ በፊት እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ፈለገ።

ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ቱዳ ገመዷን ይዛ ወጣች። ባሱ በፖም ዛፎቹ መሀል ተደብቆ ተከተላት። ዳገቱ ሲጀምር ትንፋሹ አጠረ፤ እሷ ግን እንደ ልጃገረድ ትፈተለካለች። ይህንንም አልወደደውም። በየመታጠፊያው ከየቤቱ ሴት እየወጣች ተቀላቀለቻት፤ አንዷ ማጭድ፣ አንዷ ባዶ ጀሪካን፣ አንዷ ጆንያ ይዛለች። ቧንቧ መንደር ከገባ ወዲህ ወደ ምንጩ የሚወርድ የለም፤ ቤት መዋሉ ደግሞ የሁሉንም ወገብ አስፍቷል። ያለ ሥራ እጇን እያወዛወዘች የምትሄድ ሴት ግን ስሟ ከእሷ ቀድሞ መንደር ይገባል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ነገር ይዛ ትወጣለች።

የክታብ ጻፊው ቤት ደረሱ። ባሱ ግንድ ተደግፎ ትንፋሹን ዋጠ። ሴቶቹ ቤቱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ አለፉት። እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋው።

የቆሙት ከአሮጌው አውድማ ላይ ነው። መውቂያ ማሽን ከመጣ ወዲህ በቅሎ ያልረገጠው ሜዳ ነው። ማጭዱንም ገመዱንም ጥግ ላይ ከመሩ፤ ከጆንያው ውስጥ የስፖርት ጫማ ወጣ። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ሂንድ አጨበጨበችና ሁሉም ክብ ሠርተው አውድማውን ይዞሩ ጀመር፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፣ ያወርዳሉ፣ ይስቃሉ።

ባሱን ላብ አጠመቀው። ክብ ሠርቶ መዞር! እጅ ወደ ሰማይ! ክታብ ጻፊው ጋ ለምን እንዳልገቡ አሁን ገባው፤ ድግምቱን ራሳቸው ተምረውታል። ከተደበቀበት ዘሎ ወጣ።

"ለማን ነው የምትዞሩት?" ብሎ ጮኸ።

ግማሾቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፣ ግማሾቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ነርሷ ወደ እሱ መጣች። "አጎቴ፣ ጡንቻ እያፍታታን ነው። ዳገቱን ወጥተህ እንዲህ ካለከለክህ አንተም ብትመረመር መልካም ነው።"

"እኔ ጤነኛ ነኝ! ሚስቴን ነው የማናግረው።"

ቱዳ በእጁ ይዛ ወደ ድንጋይ ካቡ ወሰደችው። ፊቷ ቀልቷል፤ ከሩጫው ይሁን ከንዴቱ አይታወቅም።

"ምን እያበላሽኝ ነው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን?"

"ድስቱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? እውነቱን ንገሪኝ።"

ቱዳ ትክ ብላ አየችው። ነገሩ ሲገባት ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለዚህ ነው ጦምህን የምታድረው? መድኃኒት አበላችኝ ብለህ? ስኳር በሽታ ይዞኛል፣ ባሱ። የምትበይውን ቀይሪ፣ በየቀኑ ተራመጂ ተብያለሁ። ለብቻሽ ድስት አትጣጂ፣ ቤተሰቡም ይህንኑ ቢበላ ይጠቅመዋል ብላኛለች ነርሷ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ፖሙ ከመለቀሙ በፊት።"

"ሻዩንስ ለምን ትደፊዋለሽ?"

"ስኳሩን የምትጨምረው አንተ ነህ። አልጠጣም ብል ለምን ልትለኝ ነው።"

ባሱ ሌላ የሚጠረጥረው ነገር ፈለገ። አጣ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ በመጨረሻ።

"የጎረቤታችን የአቃ ሚስት በዚሁ በሽታ ስትወድቅ ፋድማ ምን እንዳለች ታስታውሳለህ?"

ያስታውሳል።

"መድኃኒት ሲገዛላት ከሚያረጅ ሌላ ቢያገባ ይሻለዋል አለች። እኔ ብርጭቆ እያነሳሁ ነበር። አንተ ሳቅህ።"

"ቀልድ እኮ ነበር።"

"ስትስቅ ግን አየሁህ።" እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ግድግዳው ስስ ነው፤ ነገ ቃዲው ጋ እንደምትሄድም ሰምቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ የነበረው። ከሄድክ ሂድ። ኢዛ እንደሆነ አድጋለች፣ ከተማ ትማራለች፣ አትጎዳም። እኔ ግን እግሬ እስኪቆረጥ ቤት አልቀመጥልህም።"

ተመልሳ ሴቶቹን ተቀላቀለች። ባሱ ካቡ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አፈረ። እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም፤ ያሳፈረውም መጠርጠሩ ብቻ አልነበረም፣ ያ ሳቁ ነበር። ደግሞም ፋድማን ያውቃታል፤ የቱዳን በሽታ ዛሬ ብትሰማ ነገ በየቤቱ ሙሽራ ታፈላልጋለች። ቱዳም በየደረሰችበት በዓይን ስትለካ ትኖራለች።

ሲወርድ ፋድማ ሻይና ቂጣ በሰፊ ትሪ ይዛ በራፉ ላይ ትጠብቀው ነበር። ሁለት ጎረቤቶችም አጠገቧ ቆመዋል፤ በአጋጣሚ አይመስልም።

"ያዝካት?" አለችው።

ባሱ ወደ ኋላው ዞረ። ቱዳ ከዳገቱ ግርጌ ደርሳለች። ዝም ቢል ለዛሬ ያልፋል፤ ነገ ግን የገመዱም የድስቱም ነገር ይነሳል፣ ፋድማ ሳትደርስበት አትተኛም።

"እኔ ነኝ የላክኋት" አለ።

"የት ነው የላክሃት?"

"ነርሷ ዘንድ። ምግብ አሠራር ትማር ብዬ ነው። ስኳር በሽታ ይዞኛል።"

"ማንን?"

"እኔን ነዋ! ማንን ሊሆን ነው?"

ፋድማ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ደረቷን መታች። "እኔን! እኔን ያስቀድመኝ፣ ወንድምዬ! እንደዚያ ከስተህ ሳይ ጠርጥሬ ነበር እኮ። ማን ያስታምምሃል አሁን?"

"ቱዳ ናታ።"

"እንግዲህ ቱዳ ናት እንጂ! ድሮም ብያለሁ፣ እንደ እሷ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል?" ወደ ጎረቤቶቹ ዞራ አስመሰከረች።

ቱዳ ደርሳ ከኋላው ቆማለች። ሰምታለች። ባሱ ዞሮ አላያትም፤ ቢያያት ቃሉን የሚያጥፍ መሰለው። ሳይመሽ ወሬው ከቤት ቤት እንደሚዳረስ ያውቃል። ከዚህ በኋላ በሰርግም፣ በለቅሶም፣ በገበያም ላይ ለእሱ ጣፋጭ ሻይ የሚቀዳለት ሰው አይኖርም። ዕድሜ ልኩን።

ፋድማ እንባዋን እየጠረገች፣ ሳታስበው እንደ ልማዷ ብርጭቆውን አነሳችለት። ሻዩ ይተናል፤ ናናው ይሸታል። ባሱ ምራቁን ዋጠ።

"መልሺው፣ እታለም" አላት።