የግራው ስክሪን

እውነቱን ለመናገር ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ «ምንም ሳልነካው ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ያደርቁኛል። ራሳቸው የነቀሉትን ገመድ ስሰካላቸው እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚያዩኝ።

ያን ሰሞን የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ አራሚዎች በወረቀት አያርሙም። እያንዳንዳቸው ሁለት ስክሪን ይሰጣቸዋል፤ በግራው የደራሲውን ጽሑፍ፣ በቀኙ የተተየበውን እያስተያዩ ያርማሉ። እስከ ዓርብ ያልቻለ ሰው ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን ይወርዳል፣ መጽሐፍ ሊደረድር። የቻለውንና ያልቻለውን ለይቶ ቅጽ የሚሞላው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ነጥብን ለመጨረሻ አቆየኋቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ የተረሳች አራት ነጥብ ከሦስት ገጽ ማዶ ትሸታቸዋለች እንላለን። ሠላሳ ዓመት አርመዋል። እኔ ሥራ ልጠይቅ ስመጣ ማመልከቻዬን በር ላይ ተቀብለው አነበቡና፣ «ይህን ይዘህ ከገባህ ዘበኛም አያደርጉህ» ብለው፣ ቁጭ አድርገው እንደገና ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው።

ጠረጴዛቸው ሥር ገብቼ፣ አቧራው እያስነጠሰኝ ገመዱን ሰካካሁ። መጀመሪያ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ገጽ አወጡ።

«አንዱን ስህተት ሁለቴ ላንብበው?» አሉና ሳቁ።

አስተካክዬ ለያየኋቸው። «አሁን ማውሱን ወደ ግራ ሲገፉት ቀስቷ ከዚህኛው ወጥታ ወደዚያኛው ትገባለች» አልኳቸው። ገፉት። ቀስቷ ተሻገረች፤ እሳቸው ግን አሁንም ቀኙ ላይ አፍጥጠዋል።

«የት ገባች?»

«በግራ ናት፣ እትዬ።»

«ግራው ጠፋኝ፣ ልጄ።»

ሦስት ጊዜ አሳየኋቸው። ሦስቱንም ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ግራው ጠፋኝ» አሉኝ። እኔ የሰማሁት «ግራ ገባኝ» የሚል ነው። ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። ከግራው ስክሪን አንድ መስመር ያንብቡልኝ ስላቸው ከመሃል ጀመሩ። ቸል ያሉኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ ይኼ ምን ግራ የሚያጋባ ነገር አለው? ሕፃን ልጅ ይችለዋል እኮ!»

ማውሱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ «አልቻሉም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ያ አልበቃኝ ብሎ ከሥሩ «በጣም ግራ ይጋባሉ» ብዬ ጨመርኩበትና ፈርሜ አስገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ስክሪኖቹን ላነሳ ስሄድ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ገመዱ እንዲላላልኝ የግራውን ስክሪን ሳላጠፋው አንስቼ ከቀኙ ማዶ አቆምኩት። እሳቸው ቀና ብለው አንድ አፍታ አዩት።

«ሦስተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ‹ሥራ› በእሳቱ ሰ ተጽፏል» አሉ።

እውነትም ተጽፏል። መስመሩን ከመጀመሪያው ነው ያነበቡት። ክው አልኩ። እጄን ቀስ አድርጌ በግራ ጉንጫቸው በኩል አነሳሁ፤ ዓይናቸው አልተርገበገበም።

«እትዬ... ግራ ዓይንዎ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። ነገርኩህ እኮ። ፊቴን ሙሉ ካላዞርኩ ግራው አይታየኝም፤ ባዞር ደግሞ ሰው ያውቅብኛል። አፍ አውጥቼ ማለቱን ፈርቼ እንጂ፣ አንተስ ይገባሃል ብዬ ነበር።»

ሁለቱንም ስክሪን በቀኝ ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር! አሁኑኑ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ ብዬ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ምን ብለህ? አራሚያችን አንድ ዓይና ናት ብለህ? የሁለት ዓመት ሥራዬን አውጥተው እንደገና ያስነብቡታል። ደራሲው ሁሉ በገዛ ስህተቱ የኔን ስም ይጠራል። ግራ የገባት አሮጊት ልባል፤ እሱ ይሻለኛል።»

ቢሆንም አላስችል አለኝና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። «ለእትዬ ፈተናውን አንድ ጊዜ ልድገምላቸው፤ ሁለቱንም ስክሪን በቀኝ በኩል አድርጌ» አልኩት።

«ለምን? ሌላው ሁሉ በግራና በቀኝ ችሏል» አለና ቅጹን መዘዘ። «‹በጣም ግራ ይጋባሉ›። ይኼ ያንተ ጽሑፍ አይደለም? ወይስ እኔ የማላውቀው ምክንያት አለ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔስ በጽሑፍ ነው፣ ያውም በፊርማ። ምክንያቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው የሠላሳ ዓመት ስማቸውን መቅበሬ ነው፤ ዝም ብል ወንበራቸውን።

«የለም» አልኩት። እሱም ወደ መጋዘን የሚያወርዳቸውን ደብዳቤ ፈረመ።

ካርቶኑን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ወደ ምድር ቤት የሚወስደው ደረጃ ጠባብ ነው፤ ዳርና ዳሩ ተሸራርፏል። ከላይ የትየባ ክፍል ልጆች በር ላይ ቆመው ያያሉ። እንዳይደናቀፉ ብዬ በማያዩበት በኩል፣ በግራቸው ልሆን ስል፣ «በቀኝ ሁን» አሉኝ ሹክ ብለው። «ሰው እያየን ነው።»

በቀኛቸው ሆንኩ። እሳቸው በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ በእግራቸው እየፈለጉ ወረዱ።