ለሰማይ የተላኩ ሽማግሌዎች

እቴነሽ ነገሩ የገባት መስሏት ነበር። ልጇ ሰርካለም በምትበር ካሜራ ሰርግ ትቀርጻለች፤ ካሜራዋ ድሮን ትባላለች፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ግራ የሚያጋባው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?» አለቻት ምስር እየለቀመች።

«አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ነዋ፣ እማ። አመልክቻለሁ፤ መልስ ግን አልመጣም።»

«እሱ እሺ ካለሽ አለቀ?»

«ሌላ ቦታ ቢሆን አለቀ። የዝናሽ ሰርግ ግን እዚሁ አዘዞ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫ ሥር ስለሆነ የእነሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አጠገባቸው ማብረር ክልክል ነው።»

«አጠገብ ማለት እስከ የት ነው? እስከ ገበያው? እስከ ቤተ ክርስቲያኑ?»

«አጥር የለውም እኮ፣ እማ። ሰማይ ነው።»

እቴነሽ ምስሩን ትታ ቀና አለች። አዘዞ ከተዳረች ጀምሮ አውሮፕላን በጣሪያዋ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ኖሯል። መሬት ድንበር እንዳለው ታውቃለች፤ ድንበር የሚገፋ ጎረቤትም አይታለች። ሰማይ ድንበር እንዳለው ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ዝናሽ የሙሽራው እናት ናት። ሥራውን ለሰርካለም የሰጠችው ሙሽሪት ስትገባ ከላይ እንድትቀረጽላት ነው፤ «ከላይ ካልሆነማ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀርጻል» ብላለች። ለሰርካለም ደግሞ ከቀጣሪዋ ተለይታ በራሷ ስም የያዘችው የመጀመሪያው ትልቅ ሰርግ ነው። ይህ ከተበላሸ ማን ይጠራታል? በሌላ በኩል አንድ ጎረምሳ በቀሐ ሰፈር በኩል ሳያስፈቅድ ድሮን አስነስቶ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል፤ እሱ ሲወጣ ድሮኑ እዚያው ቀርቷል። በዚህ ዘመን ከሰማይ ድምፅ ሲመጣ ደስ የሚለው ሰውም የለም። እቴነሽ ልጇ ሥራ እንዳታጣ ትሰጋለች፤ እንዳትታሰርም ትሰጋለች።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቀበሌ ያለው ጸሐፊ «እኛ የመሬቱን ነው የምናውቀው፣ እናቴ» ብሎ ሳቀባት። ፖሊስ ጣቢያ «ከአውሮፕላን ማረፊያው አምጪ» አሏት። የማረፊያው በር ላይ ያለው ዘበኛ «ከአዲስ አበባ አምጪ» አለ። ሰርካለም አዲስ አበባ ስትደውል ደግሞ «ማረፊያው መስማማት አለበት» ተባለች። እቴነሽ እየዞረች ጠየቀች፤ በዞረች ቁጥር ይብስ ተወናበደች።

ያኔ ነው ሽማግሌ መላክ ትዝ ያላት። እሷ የተዳረችው በሽማግሌ ነው፤ ከወንድሟ ጋር በእርሻ ሲጣሉም የታረቁት በሽማግሌ ነው። ለሰው ልጅ ሽማግሌ ከተላከ፣ ለሰማይስ ምነው አይላክ?

አያ ታከለ በወጣትነታቸው በአዲ አርቃይ መንገድ የጭነት ማኪና የነዱ፣ አሁን ደግሞ ለሽምግልና ተልከው ባዶ እጃቸውን የማይመለሱ ጎረቤት ናቸው። ስትነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ለሰማይ ሽማግሌ ሁኑ ትይናለሽ?»

«ባለቤት አለው ይላሉ፣ አያ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ባለቤት ካለውማ ይጠየቃል» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ዓርብ ጠዋት አያ ታከለ፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስና አንድ ሌላ ጎረቤት ሆነው ሄዱ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባምና እቴነሽ ከበሩ ማዶ ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀች። ዘበኞቹ ዘንጋቸውን በር ላይ ሲቀበሏቸው አየች፤ የመሪጌታ የእጅ መስቀል መፈተሻውን ሲያስጮኸውም ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማወቅ የምትችለው ከእነሱ አፍ ብቻ ነበር።

ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

«ሸጋ ልጅ ነው!» አሉ አያ ታከለ። «ኃላፊው ሙሉቀን ይባላል። ገና ስንገባ ብድግ አለ። ‹ተቀመጡ› ቢለን ‹እሺ ሳትለን አንቀመጥም፤ ሰማይህን ለአንድ ቀን ስጠን› አልነው። ላብ በላብ ሆነ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«‹አባቶቼ፣ እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ለአለቆቼ ላሳውቅ፤ ሰኞ ተመለሱ› አለን።»

እቴነሽ እልል ልትል አፏን ይዛ፣ «ፈቀደ ማለት ነው?» አለች።

«አንቺስ ስትጠየቂ አባትሽ ምን አሉ? ‹ከዘመድ ልማከር› ብለው አልቀጠሩም? የማይሰጥ ሰው በር ይዘጋል እንጂ ቀጠሮ አይሰጥም።»

እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል የልጅ አባት የለም፤ የቀጠረ ልቡ ሰጥቷል። እቴነሽ መንገዷን በዝናሽ ቤት በኩል አድርጋ «ፈቅደዋል!» አለቻት። ዝናሽም እልልታዋን አቀለጠችው። ቤት ስትደርስ የነገረቻት ሰርካለም ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ወረቀት ሰጧቸው?»

«ሽማግሌ ወረቀት ይጠይቃል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ሰርካለም የድሮኗን ባትሪ ልትሞላ ሄደች። እናቷን ውሸታም ለማለት አልደፈረችም።

እሑድ የዝናሽ ግቢ በዳስ ተሸፍኗል። ሙሽሪት ከትክል ድንጋይ ከተማ እየመጣች ነው፤ የማኪናው ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ሰርካለም ድሮኗን ከቦርሳው አውጥታ ክንፎቿን ዘረጋጋችና ድንገት ቆም አለች።

«እማ፣ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ፈቀዱልን? አውሮፕላን የማይመጣውስ መቼ ነው አሉ?»

እቴነሽ ወደ አያ ታከለ ዞረች። አያ ታከለ ጠላቸውን አስቀምጠው፣ «እሱንማ ነገ ስንሄድ ይነግረናል» አሉ።

«ነገ?» አለች ሰርካለም።

«ሰኞ ቀጥሮናል አላልኳችሁም?»

ዝናሽ የሐበሻ ቀሚሷን ሰብስባ ደረሰች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ልጅቱ ልትገባ ነው፣ አስነሺው!»

«ያልተፈቀደ ከሆነ አላስነሳም፣ እትዬ ዝናሽ።»

«እናትሽ ናት እኮ ተፈቀደ ያለችኝ!»

ሚዜዎቹም መጡ። አንዱ «ትንሽ ነገር ናት፣ ማን ያያታል?» አለ። ሌላው «ብትታሰሪ ምሳ እናመጣልሻለን» ብሎ አሳቃቸው። ሰርካለም አልሳቀችም። እናቷን ዐይን ዐይኗን እያየች፣ «እማ፣ አንቺን ነው የማምነው። ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም?» አለቻት።

እቴነሽ ዙሪያውን አየች። «አልፈቀዱም» ብትል ሽማግሌዎቹ በሰው ፊት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው፤ አያ ታከለን በአደባባይ ማዋረድ ነው። «ፈቅደዋል» ብትል ልጇ ታስነሳዋለች። ቀጠሮ እሺ ነው? ለሴት ልጅ ሲሆን እሺ ነው። ለሰማይስ? ሰማይ የማን ልጅ ነው? ማንን ዘመድ ነው የሚያማክሩት?

«አላውቅም» አለች።

«ካላወቅሽማ ይነሳ!» አለች ዝናሽ።

ጡሩምባው በሩ ላይ ደረሰ። ሰርካለም መቆጣጠሪያውን እንደያዘች አሁንም እናቷን ትጠብቃለች። እቴነሽ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ፣ «አልፈቀዱም! እኔ ነኝ ያጣመምኩት። አልፈቀዱም» አለች።

አያ ታከለ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ምነው እቴነሽ? በሰው ፊት?» አሉና ወደ ዳሱ ማዶ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ዝናሽ ፊቷን አዙራ ምራቷን ልትቀበል ሄደች። ይህ ከስድብ ይብስ ነበር።

ሰርካለም ድሮኗን አጥፋ ከተተችና ሌላውን ካሜራ አንጠልጥላ ሮጠች። አንድ የቆመ ፒካፕ ላይ ወጥታ ሙሽሪትን ቀረጸች፤ ወርዳ ተንበርክካ እግሯን ቀረጸች፤ በሚዜዎቹ ብብት ሥር ሾልካ ፊቷን ቀረጸች። ጭፈራው በደራበት ሰዓት አውሮፕላን መጣ። ዝቅ ብሎ አለፈና የዳሱን ሸራ አርገበገበው። እቴነሽ አንጋጣ እያየች ልጇን በክንዷ ያዘቻት።

«ያንቺዋ ብትነሳ እዚያ ትደርስ ነበር?»

«አላውቅም፣ እማ።»

«አንቺም አታውቂም?»

«ስለማላውቅ አይደል የሚጠየቀው።»

ማታ ዝናሽ ለሰርካለም «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት፤ ለሁለተኛው ልጇ ሰርግ እንደምትጠራት ግን አላነሳችም። እቴነሽ ወደ አያ ታከለ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። በእጃቸው መለሷት። ይቅር ብለዋት ይሁን ገፍተዋት አልለየላትም።

ሰርካለም ሦስት ቦርሳ ተሸክማ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። እቴነሽ የድሮኑን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ ያዘችው። እስከዛሬ ነክታው አታውቅም፤ ከባድ ይመስላት ነበር። እንደ ቄብ ዶሮ ቀለላት።

«ይህ ነው ይህን ሁሉ ሰው ያስጨነቀው?» አለች።

«ይኸው ነው» አለች ልጇ።

እቴነሽ ቦርሳውን ብብቷ ሥር አጥብቃ፣ በማን ላይ እንደምትቆጣ ሳታውቅ፣ ከልጇ ጎን ወደ ቤቷ መንገድ ገባች።