እናቴ እስኪነጋ ከተኛች

ስምምነቱ የተደረገው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እኔ ምስክር ሆኜ ነው። እናቴ ሬጊና በአባቴ ጀልባ ላይ አንድ ሌሊት ታድራለች። እስኪነጋ ከተኛች ጀልባዋ አትሸጥም። ካልተኛች ትሸጣለች፤ አባቴም እንደ ሌሎቹ የደሴታችን ጡረተኞች የመስኮት መዝጊያ ቀለም ሲቀባ ይኖራል።

“ጸጥ ያለ ቦታ ነው የምወስድሽ” አላት አባቴ። “ውኃው ሳህን ላይ እንዳለ ሾርባ ነው።”

“ሾርባ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም” አለች እናቴ።

አባቴ ካፒቴን ፓናጊስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከደሴታችን ወደ ፓትራ ከተማ የሚመላለስ ትልቅ መርከብ አዛዥ ነበር። መኪና፣ ፍየል፣ ሙሽራ፣ ሬሳ፣ ያላሻገረው የለም። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ዘጠኝ ሜትር የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ገዛና በእናቴ ስም ጠራት። እናቴ ወደቡ ላይ ወርዳ ስሟን በጀልባዋ ጀርባ ላይ ተጽፎ አነበበች። “ስሜን ቂጥ ላይ ስትጽፍ አታማክረኝም?” ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዋናው ባሕር ተለይታ በኮረብታዎች መካከል ወደተደበቀችው ትንሽ ወሽመጥ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቀድሞን የደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጣው ፀጉር አስተካካይ ሜማስ። በእንጨት ጀልባው ላይ ሰርዲን ይጠብሳል። እንዳየን ሹካውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። በእኛ አገር ሰው መልሕቅ ሲጥል ማየት ከሠርግ ይበልጣል። ሠርግ ላይ የሚስቅ ሰው ቢያንስ ፊቱን ዞር ያደርጋል።

አባቴ መሪውን ይዞ ደረቱን ነፋ።

“ፉንዶ!” ብሎ ጮኸ። መልሕቁን ጣሉ ማለቱ ነው።

ምንም አልሆነም።

“ፉንዶ ብያለሁ!”

እናቴ ኪያር ትልጣለች። ቢላዋዋን አቁማ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። “ማንን ነው የሚለው?”

ነገሩ ያኔ ገባኝ። አባቴ ያን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲጮህ ከመርከቡ ፊት ትእዛዝ የሚጠብቁ ስድስት ሰዎች ነበሩለት። ይሁን ይላል፣ ይሆናል፤ ልክ እንደ ኦሪት ዘፍጥረት። በገዛ እጁ ግን አንድም ቀን መልሕቅ ጥሎ አያውቅም።

“ካፒቴን!” አለ ሜማስ ከማዶ። “ሠራተኞችህ አመፁብህ እንዴ?”

“አንተ ሰርዲንህን ብላ!”

“እየበላሁ ነው እኮ። ትርኢት ሲኖር ይበልጥ ይጣፍጠኛል።”

ወደ ፊት ሮጬ መልሕቁን ለቀቅኩት። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ ወረደ። አባቴ ጀልባዋን ጥቂት ወደ ኋላ ነዳት፤ እሷም ቆመች። መልሕቁ መሬት ነክሶ ይሁን ወይም እንዲሁ ደክሟት፣ ማናችንም አላወቅንም። አባቴ እጁን አራገፈ። “አለቀ። ይሄ መልሕቅ መርከብ ያቆማል።”

እራት ስንበላ እናቴ ከኋላችን ወዳለው አለት ደጋግማ ታያለች።

“ያ አለት ቅድም እዚያ ነበር?”

“አለት አይንቀሳቀስም፣ ሬጊና።”

“እሱማ አይንቀሳቀስም” አለችና ወይራ ጎረሰች።

ከዚያ ትራሷን ይዛ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደች። ከቤት ያመጣችውን የመርከበኞች ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላዎስን ሥዕል ከራስጌዋ ሰቀለች። ሦስት ጊዜ አማተበች፤ አንዱን ለጀልባዋ፣ ሁለቱን ለአባቴ። እኔም ከፊት ለፊቷ ባለው አልጋ ላይ ተጋደምኩ።

ነፋሱ የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። ማዕበል የሚባል አልነበረም፤ ከተራራው ወርዶ ጀልባዋን እንደታሰረች በቅሎ ወዲህና ወዲያ የሚያወዛውዛት ነፋስ ነው። ሰንሰለቱ ከታች ይንቋቋል። በተንቋቋ ቁጥር አባቴ ከላይ ይሳደባል፤ መጀመሪያ ሰንሰለቱን፣ ቀጥሎ ሠሪውን፣ ቀጥሎ የሠሪውን እናት። ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“አባዬ፣ ሞተሩን እናስነሣና ራቅ ብለን እንደገና እንጣለው።”

“እናትሽን ልትቀሰቅሺብኝ ነው?” አለ በሹክሹክታ። “ያ ሞተር የሞተ ያስነሣል!”

“ነፋሱ ገፍቶ አለቱ ላይ ቢያወጣንስ?”

“ቀስ ብለን እንወጣለን።”

እውነቱን ነው የተናገረው። ከአለቱ ይልቅ የእናቴን መንቃት ፈርቷል። ጀልባዋ ብትሰበር ትጠገናለች፤ እናቴ ከነቃች ግን አበቃ። ስለዚህ እጁ ላይ የቀረው መንገድ አንድ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው፤ ለሁለቱም ያረፍዳል። ያን ሌሊት ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

“ቅዱስ ኒኮላዎስ፣ ይችን ጀልባ እስኪነጋ ያዝልኝ። ቁመቴን የሚያህል ሻማ አበራልሃለሁ።”

ነፋሱ ጋብ አለ። አባቴ ጥቂት አሰበ።

“ቁመቴን ስል፣ እስከ ትከሻዬ ነው።”

ነፋሱ ተመልሶ መጣ። ጀልባዋ ዞረች፤ ሰንሰለቱ ጮኸ።

“እሺ! እሺ! ከነባርኔጣዬ!”

ከቅዱስ ጋር ሲደራደሩ ሦስተኛ ሰው መኖር የለበትም ብዬ ተመልሼ ወረድኩ። ልንሰጥም እንችላለን እያልኩ መተኛቴን አልክድም።

ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ዓይኖቹ ቲማቲም መስለዋል። አለቱን እንደ ባለጋራው ያፈጥጥበታል። አለቱም ጀልባዋም ትናንት በነበሩበት ናቸው።

“እንደምን አደርክ ካፒቴን!” አለ ሜማስ ከማዶ። “ሻማው መጨረሻ ላይ እስከ የት ሆነ? ከነባርኔጣው ነው ወይስ ተመልሶ ወረደ? እንቅልፍ ወስዶኝ ፍጻሜውን አልሰማሁም።”

ጸጥ ባለ ወሽመጥ ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። አባቴ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ።

እናቴ ብቅ አለች። ፀጉሯ በአንድ በኩል ተደፍጥጧል፤ ጉንጯ ላይ የትራስ ጥልፍ ታትሟል። ፀሐይዋን አየች፣ ሰዓቷን አየች።

“ተኝቻለሁ” አለች፣ ራሷም ሳይገርማት አልቀረም።

አባቴ ይጨፍራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ራሱን በእጁ ደገፈ። “ሬጊና፣ እንሽጣት።”

“ምኗን?”

“ጀልባዋን። ዓይኔን አልከደንኩም። መርከቡ ላይ ስተኛ ሁልጊዜ የሚነቃልኝ ሰው ነበር። እዚህ የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ። አልችለውም።”

እናቴ አጠገቡ ተቀመጠች። “ሰማሁህ እኮ።”

“ምኑን?”

“ስትሳደብ። በየሩብ ሰዓቱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ነፋስ በተነሣ ቁጥር የት እንደደረስክ ሳላውቅ ጣራ ሳይ አድሬያለሁ። ትናንት ከራሴ በላይ ቁጭ ብለህ የሰውን እናት ታነሣለህ። ‘አለ’ አልኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።”

አባቴ ቀና አለ። ተስፋ ያየ ይመስላል።

“በየሩብ ሰዓቱ ከሰማሽኝማ ነቅተሻል! እስኪነጋ አልተኛሽም! ስምምነት ስምምነት ነው፤ ትሸጣለች!”

“መገላበጥ መንቃት አይደለም።”

“ምስክር አለ። አንጆሌታ፣ ተናገሪ!”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሜማስም ከማዶ ዞረ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። የእናቴን ጉንጭ፣ ቀጥሎ የአባቴን ዓይን አየሁ።

“ስታንኮራፊ ሰምቻለሁ” አልኳት። እውነት ነው፤ ሰምቻለሁ።

“ይኸው!” አለች እናቴ። “ጀልባዋ አትሸጥም። ገና ሦስት ሌሊት እንጨምራለን። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።”

“እኔስ መቼ ልተኛ?”

“ቀን” አለችውና እንቁላል ልትጠብስ ወረደች።

አባቴ ሊከራከራት አፉን ከፈተ። አፉን እንደከፈተ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።