ሳላይ አልናገርም

ቶኩማ አምቦ ውስጥ ወፍጮ ሲጠግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አንድ ክፉ አመል አለው ይሉታል፤ በስልክ ምክር አይሰጥም። ከጌዶም ይደወል ከእንጭኒ፣ መልሱ ያው ነው፤ «ሳላይ አልናገርም።» ሰዉ ስስት ይመስለዋል። እሱ ግን ባለቤቱ «ድንጋዩ ነው» ብሎ የማለለት ወፍጮ ሲከፈት፣ ችግሩ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሆኖ ስንቴ አይቷል! በወሬ ብቻ የሚፈርድ መካኒክ የሰው እጅ ያስበላል ባይ ነው።

የዛሬዋ ደዋይ ግን ጊንጪ ወፍጮ ቤት ያላት እህቱ ሶረቲ ነበረች።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ወፍጮው እየፈጨ ሳለ መንጫጫት ጀመረ፤ ወዲያው መብራት ሄደ። እስኪመጣ ባለቤቴ ይፍታው። ከየት እንደሚጀምር ብቻ ንገረው፣ ማሎ!»

«ሳላይ አልናገርም። አትንኩት፣ እመጣለሁ።»

«ለእህትህም? የሰው እህል እኮ በር ላይ ተከምሯል!»

«አትንኩት አልኩ!»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

መፍቻዎቹን ሰብስቦ መናኸሪያ ወረደ። ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ አንጀቱን አሳረረው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ረዳቱን «እንሂድ እንጂ!» ይለዋል። ሳይናገር የረሳው ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘለትም። የሶረቲ ኩርፊያ ነው ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞከረ።

መንገድ ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆሙ፣ አንዲት ሱቅ ውስጥ አምፖል ቦግ ሲል አየና ክው አለ። መብራቱ የሄደው ወፍጮው እየሠራ ነው። ማጥፊያውን ማውረድ ማን ትዝ ይለዋል? መብራት ሲመለስ ደግሞ ወፍጮው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሶረቲ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ባለቤቷ ሌታ ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ ይጠራል። «ሹፌር፣ በፈጠረህ ንዳው!» ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያው ጠቆሙት። ሌታ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሶረቲ ወንድሟን ስታይ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«ሌላ መካኒክ ጋ ደወልን» አለችው። «እሱ አልጨከነብንም። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን ቺንጋ ፍቱት አለን። ሌታ እጁን እንደሰደደ መብራት መጣ። ሁለት ጣቱ ሄደ፣ ቶኩማ!»

«አትንኩት ብዬሽ ነበር» አለ። ድምፁ ለራሱም አስጠላው።

«ብለሃል። አትንኩት ካልክ አይቀር፣ ማጥፊያውን አውርዱት ብትለንስ? እሱንም ሳታይ አትናገርም?»

ቶኩማ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የመፍቻ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሱን ለመናገር ማየት አያስፈልገኝም ነበር» አላት።