ነፋስ የማያስገባው ቤት

በምነግራችሁ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ ጨምሬ ከተገኘሁ ይህ ምላሴ በደቡብ ቺሌዋ ከተማችን በኮይሃይኬ የሰኔ ውርጭ ደርቆ ይቅር።

በዚያን ጠዋት ኤርሚንዳ በአዲሱ ቤቷ፣ በባዶው ወጥ ቤት መሐል ቆማ ወደ ኮርኒሱ አንጋጣ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶበታል። በቀዳዳው ሰማይ ይታያል፤ ከሰማዩ ሥር ደግሞ የአበልጇ የኖልቤርቶ ፊት።

«ለበጎ ብዬ ነው፣ አበልጄ» አለ ፊቱ።

«ማን ቅደድ አለህ?»

«ምድጃ ሳይገባበት አልጋ የገባበት ቤት የት አይተሻል? የጭስ ማውጫውን መንገድ አዘጋጀሁልሽ። ግድግዳው ራሱ ያሞቃል ይላሉ የሠሩት ሰዎች። ግድግዳ ሰው አቅፎ ያውቃል?»

እኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲያገኝ ቀድሞ የሚገባው የእንጨት ምድጃው ነው። አዲሱ ደንብ ግን ከተማዋ በጭስ ታፍናለችና ከእንግዲህ የሚሠራ ቤት ሙቀቱን ይያዝ፣ ነፋስ አያስገባ፣ እንጨትም አይንደድበት ይላል። ስለዚህ የአዲሱ ሰፈር ቤቶች ቁልፍ ከመታደሉ በፊት አንድ ቤት በዕጣ ተመርጦ ይፈተናል። እሱ ነፋስ ካስገባ የሰፈሩ ቁልፍ በሙሉ ክረምቱ እስኪያልፍ ይያዛል። ዕጣው በኤርሚንዳ ቤት ላይ ወጣ።

እሷ ደግሞ ያስና የምትባል ልጇን ይዛ በባሏ እኅት ጓሮ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። የልጅቷ ሳንባ የክፍሉን ምድጃ ጭስ አልቻለውም። ሐኪሙ «ሌላ ክረምት እዚያ ካሳለፈች…» ብሎ ቀሪውን ውጦታል። ኤርሚንዳ ያንን የተዋጠ ቃል ለወራት ስታላምጠው ኖራለች።

ቤቱን የምትፈትነው ኢንጂነር ማራገቢያዋን ይዛ ደረሰች። ማራገቢያ አልኩት እንጂ የአውሮፕላን ሞተር ያህላል፤ ስድስት ጎረምሳ ተሸክሞት ሦስቱ ወገባቸው ተቀጨ። በራፉ ላይ በሸራ ወጥራ ተከለችው። የቤቱን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ሲያወጣ፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ካለ የመለኪያው መርፌ ከፍ ብሎ ይናገራል።

ጎረቤቱ ቀዳዳውን ሊደፍን የበግ ጠጉሩን፣ ካባውን፣ ፍራሹን እየጎተተ ጣራ ላይ ወጣ። ቀዳዳው ግን ሁሉንም ዋጠ። በመጨረሻ ከላይ የኖልቤርቶ ድምፅ መጣ፦ «አይዞሽ አበልጄ፣ ተቀምጬበታለሁ። እናቴ ይህን ሰፊ መቀመጫ የሰጠችኝ ለዛሬ ነው።»

ሞተሩ ተነሣ። ከወንዙ ማዶ የሚያልፍ ፈረሰኛ ቆቡ ተነጥቆ አርጀንቲና ገባ፤ ዶሮዎች በአየር ላይ እንዳሉ እንቁላል ጣሉ። ኤርሚንዳ ይህን ሁሉ አላየችም። ዓይኗ ከመርፌው ላይ ነበር። እጆቿ የሚይዙት ነገር አጥተው የራሷን ክርን ጨብጠዋል። ዝቅ በል፣ እያለች በልቧ ለመነችው፤ እባክህ ትንሽ ዝቅ በል። መርፌው ወደ ላይ ወጣ። ከኮርኒሱ ደግሞ በመጀመሪያ አንድ ቦት ጫማ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ብቅ አለ፤ ኖልቤርቶ እስከ ወገቡ ተመጥጦ ተንጠለጠለ።

«አዝናለሁ፣ እትዬ» አለች ኢንጂነሯ። «አላለፈም።»

«ብንደፍነውና እንደገና ቢሞከርስ?»

«የሚቀጥለው ተራ ከክረምት በኋላ ነው።»

ኖልቤርቶን ለማውጣት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአራት ፈረስ ሲጎትቱት ሱሪው… እያልኩ ሳወራ፣ በዚያችው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ድንች የምትልጠው ኤርሚንዳ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ኖልቤርቶ ምንም አልቀደደም። ጣራውም ላይ አልወጣም። ሁላችንንም ከአጥሩ ወዲህ አቁመውን ነበር፤ አንተም አጠገቤ ነበርክ። ማራገቢያው እንደሆነ ድምፁ ከፍሪጅ አይበልጥም።»

«ታዲያ ነፋሱ በየት ገባ?» አለ አንዱ፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

«በሁሉም በኩል። በመስኮቶቹ ዙሪያ፣ በሶኬቱ፣ በወለሉ ሥር። ሴትየዋ እጇን ያላስጠጋችበት ቦታ የለም፤ ያስጠጋችበት ሁሉ ይነፍሳል። በመስኮት አየኋት።» ቢላዋውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አንድ ቀዳዳ ቢሆንማ ደፍነነው ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ ምድጃውን ከፈተችና አንድ እርጥብ እንጨት ጨመረችበት።