የቅቤ ቀኖና

የባሌ የፈንታሁን ወገን አርባ ዓመት ሳይሞላው ደረቱን ይዞ ይወድቃል። ገና በጉብዝናቸው የዐይናቸው ቆብ ላይ ቢጫ ስብ፣ ከተረከዛቸው በላይ እብጠት ይወጣባቸዋል። ዘመዱ ሁሉ ግን "ቅቤ የጠገበ ቤት ማኅተም ነው" እያለ ይኮራበታል። እኔንም ለዚህ ቤት የዳሩኝ ማኅተሙን አይተው ነው።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በሰፈረ ጊዜ ፈንታሁን ከጉና በግ እየነዳ ለጦር ሰፈሩ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ሐኪማቸው አስቁሞ ዐይኑንና ተረከዙን አየና በአስተርጓሚ ነገረው፦ "ደምህ ስብ በዝቶበታል፤ ከወላጆችህ የወረስከው ነው። ስቡ የልብህን ደም ሥር እየደፈነው ስለሆነ ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል ተው።"

ጀግናው ባሌ እየሳቀ ቤት ገባ። "አገሬን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ቅቤዬን አማረው" አለ። በግ ለጠላት መሸጡ አላሳፈረውም፤ ቅቤ መተው ግን ክህደት ሆነበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገንፎው ቅቤ እጥፍ ሆነ። እንዲህ ያለ አርበኛ ታይቶ አይታወቅም። ዳገት ሲወጣ ግን ደረቱን እየጨመቀው በየድንጋዩ ይቀመጣል፤ እኔ በፍርሃት አልቅ ነበር።

ሐኪም ያልቻለውን የነፍስ አባት ይችላል ብዬ መምሬ ይርጋ ዘንድ ሄድኩ። "ለጠላት በግ እየሸጠ ነውና ቀኖና ይስጡልኝ" አልኳቸው። አስጠርተውት፣ ጣሊያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ በፍስክም ቢሆን ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል እንዳይቀምስ አዘዙት። በሐኪሙ የሳቀው ሰውዬ መሬት ስሞ ተቀበለ።

በሽሮና በተልባ ከረመ። እብጠቱ ባይጠፋም ደረቱ ተሻለው፤ የጉናን ዳገት ሳያርፍ ይወጣ ጀመር። መምሬ "ቀኖናው ሠራ" ይላሉ፤ እሱ "ምሕረት ወረደልኝ" ይላል፤ ሐኪሙን ያነሳው የለም። በዚያ ሁሉ አገር ጣሊያን ትንሽ ይሰንብት ብዬ የምመኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጣሊያን ወጣ። አገሩ እልል ሲል እኔ ቅቤ ደበቅኩ። መምሬ ቀኖናውን ሊፈቱለት መጡና የደበቅኩትን ቅቤ አስወጥተውኝ አብረው በሉ። "ቢተወው ይሻላል" ብላቸው፣ "ነጻ ወጥተን?" አሉኝ። ዓመት ሳይሞላው ፈንታሁን በዚያው ዳገት ላይ ደረቱን እንደያዘ ቀረ። አለቀስኩ፤ ከለቅሶዬ ንዴቴ ይብስ ነበር።

የተዝካሩ ዕለት መምሬ ቅቤ የጠገበውን ወጥ እያጣጣሙ የልጄን የማሬን ዐይን አዩ። "ማኅተሙ ወጣላት፤ የአባቷን በረከት ወረሰች" ብለው መረቋት።

ወጡን ከፊታቸው አነሳሁት።

"አባቴ፣ ለማሬም ቀኖና ይስጡልኝ፤ የዕድሜ ልክ።"

"ምን በደለች?"

"የአባቷ ልጅ ናት" አልኳቸው።